ዕድሜ በዓመት ብቻ ይለካል? ስለ ሰው፣ ስለ እንስሳና ስለ ማሽን

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምተዳደረው የሆስፒታል መሣሪያ በመጠገን ነው። በዚህ ሥራ ላይ «የአገልግሎት ዘመኑ ያበቃ» ተብሎ እንደሚለጠፍ ወረቀት የሚያናድደኝ ነገር የለም። ወረቀቱን የሚለጥፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የተገዛበትን ዓመት ነው፤ መሣሪያውን ከፍቶ አያይም።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ስሙ ይቆየን፣ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች ንብረት ክፍል ጥግ ተደርድረው ለማስወገድ ይጠበቁ ነበር። የማሽኑ ሥራ ውስብስብ አይደለም፤ የክፍሉን አየር በኮምፕረሰር ይስብና ዚዮላይት የሚባል ማዕድን በተሞላ ሲሊንደር ውስጥ ያሳልፈዋል፣ ዚዮላይቱ ናይትሮጂኑን ይይዛል፣ ወደ ታማሚው የሚሄደው አየር ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይሆናል። ከኋላው ያለው የስፖንጅ ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኖ ጥቁር ቆዳ መስሏል። ማጣሪያውን አጥበን፣ አድርቀን መልሰን፣ እያንዳንዱን ማሽን እያስነሳን በኦክስጅን መለኪያ ለካን። ከመካከላቸው ከ90 በላይ የሚሰጥ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛው ነው ብሎ ካስቀመጠው 82 በመቶ በታች የወረደም አለ፤ እርጥበት ዚዮላይቱን ጨርሶታል። ሁሉም በአንድ ዓመት የተገዙ ናቸው። የተለጠፈባቸውም ወረቀት አንድ ዓይነት ነው።

ስለዚህ የምለው ይህንን ነው፦ ማንኛውም የዕድሜ ቁጥር፣ የሰውም ይሁን የማሽን፣ የብዙዎች ተደምሮ የወጣ ቁጥር ነው። ፊት ለፊታችን ስላለው ስለ አንዱ የሚነግረን ጥቂት ነው። በቁጥሩ ብቻ ፈርደን ደህናውን እንጥላለን፤ በቁጥሩ ብቻ አምነን ደግሞ የሞተውን ማሽን ታማሚ አፍንጫ ላይ እናደርጋለን። ሁለቱም ሰው ይገድላሉ።

እናንተስ? በየሙያችሁ የአንድ ነገር ዕድሜ የሚለካው በምንድን ነው?

(መልሶቹ እየበዙ ስለሄዱ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው እንዲቀል በየቁጥራቸው የተባለውን በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያዋ መላሽ የጤና መኮንን ናቸው። በሐሳቡ ተስማምተው ስለ ሰው አማካይ ዕድሜ ያለውን የተለመደ ስሕተት አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ ሲወለድ የሚጠበቀው ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ያኔ 50 የሞላው ሰው ሽማግሌ ሆኖ መቃብር አፋፍ ላይ የቆመ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ቁጥሩን ወደ ታች የጎተቱት ሕፃናት ናቸው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ወደ 67 ወርዷል። ያንን አምስት ዓመት ያለፈ ልጅ አማካዩን ጥሎት የመሄድ ተስፋው ያኔም ሰፊ ነበር። የሁላችንም አያቶች 80 ዓመት የኖሩት ተአምር ሆነው አይደለም፤ ልጅነታቸውን ስላለፉት ነው።

ይህ መልስ ባይመጣ ኖሮ ራሴ እጽፈው ነበር። ለአንድ ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ «ሰው ስንት ዓመት ይኖራል?» ሳይሆን «እዚህ የደረሰ ሰው ስንት ይቀረዋል?» የሚለው ነው። የማሽንም እንደዚያው።

መልስ 2

አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም ዘመን ቮልስ ሲሠሩ የኖሩ መካኒክ ገቡ። እሳቸው በከፊል ነው የተስማሙት። የመኪና ዕድሜ ማለት የመለዋወጫ ዕድሜ ነው ባይ ናቸው። ቮልስ እስካሁን መንገድ ላይ የሚታየው ብረቱ ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሚፈነዳ ቱቦ የሚባል የለውም፤ ሞተሩን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፣ በግማሽ ቀን ወርዶ ይሠራል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ይመረት ስለነበር ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ፋሻው፣ ኩችኔታው፣ ቴስታታው ዛሬም ይገኛል። ከቮልስ የተሻለ ተሠርተው የነበሩ፣ ግን መለዋወጫቸው ከሶማሌ ተራ የጠፋ ብዙ መኪኖች በየግቢው ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል ብለው ስማቸውን አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ዝርዝሩ የሰውን ትዝታ ስለቀሰቀሰ ቀጣዮቹ ሁለት መልሶች (3 እና 4) ስለ ሰይቼንቶና ስለ ላዳ ታክሲ ናፍቆት ብቻ ነበሩ።

መልስ 5

ወጣት የሚመስል ጸሐፊ ወደ መልስ 2 ተመልሶ መካኒኩን በአክብሮት ሞገታቸው። ሞተሩ ተቀይሯል፣ ካምቢዮው ተቀይሯል፣ ወለሉ በአዲስ ላሜራ ተበይዷል፤ ታዲያ ሊብሬው ላይ የተጻፈው የ1960ዎቹ መኪና የትኛው ነው? ሕግ የሚያውቀው የሻንሲ ቁጥሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ቮልስ 60 ዓመት ኖረ ከማለት አንድ ቁጥር 60 ዓመት ኖረ ማለት ይቀላል የሚል ነው ክርክሩ።

መልስ 6

ለዚህ የተሰጠው ምላሽ ከክሩ (ከዚህ ውይይት) ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ነው። የሥነ ሕይወት መምህርት ናቸው። የኛም አካል እንደዚያው ቮልስ ነው አሉ። ቀይ የደም ሴል የሚኖረው ወደ 120 ቀን ብቻ ነው፤ የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ይታደሳል፤ አጥንት እንኳ እየፈረሰ ይሠራል። ሆኖም የማይቀየሩ ክፍሎች አሉ። የአንጎል ቅርፊት ነርቮች አብዛኞቹ ከኛ ጋር ተወልደው ከኛ ጋር ይሞታሉ። የጥርስ ጠንካራው የላይኛ ሽፋን (ኢናሜል) አንዴ ከተሠራ አይመለስም። የዓይን ሌንስ መሐል ያለው ፕሮቲን ደግሞ ከመወለዳችን በፊት የተሠራው ያው ራሱ ነው።

መምህርቷ ይህን ያነሡት በምክንያት ነው። የግሪንላንድ ሻርክ ዕድሜ የታወቀው በዚሁ ሌንስ ነው። ይህ ሻርክ እንደ ሌሎች ዓሦች በዓመት ቀለበት የሚቆጠርለት ጠንካራ አጥንት የለውም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች የሌንሱን መሐል ወስደው በውስጡ ያለውን ካርቦን 14 ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት ትልቋን ሻርክ ወደ 392 ዓመት ገመታት፤ ግምቱ በ120 ዓመት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ 272 ዓመት ነው፣ ከማንኛውም የጀርባ አጥንት ካለው እንስሳ በላይ። እንግዲህ የሻርኳ የሻንሲ ቁጥር ዓይኗ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ ማለት ነው ብለው ለመልስ 5 ጸሐፊ መለሱለት። እሱም አመስግኗል።

መልስ 7

እዚህ ላይ የክሩ አየር ተለወጠ። አንድ ተሳታፊ ሰውን ከመኪናና ከባትሪ ድንጋይ ጋር እያነጻጸርን መነጋገራችን ድፍረት ነው ብሎ ተቆጣ። ዕድሜ የሚሰጥም የሚነሣም ፈጣሪ ነው፣ ቀኑ ሳይደርስ የሚሞት የለም፣ ቀኑ ደርሶም የሚቀር የለም አለ። በመጨረሻም መልስ 6ን ጠቅሶ ተማርን የሚሉ ሰዎች ሰውን ዕቃ አድርገውታል የሚል ከበድ ያለ ቃል ጨመረ።

መልስ 8

የመለሰችለት አዋላጅ ነርስ ናት፤ አልራራችለትም። ልጅ በተቅማጥ ሲሞት ቀኑ ደርሶ ነው እየተባለ ስንት እናት እንደተሸነገለች በዓይኗ አይታለች። ያ ልጅ የሞተው ቀኑ ስለደረሰ ሳይሆን ንጹሕ ውኃና ክትባት ስላልደረሰው ነው አለች። በመልስ 1 የተጠቀሱት ቁጥሮች ከ166 ወደ 67 የወረዱት የሞት ቀን ስለተቀየረ እንዳልሆነ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ስለዞሩ መሆኑን አስታወሰችው። ቃሏ ስለታም ነበር፤ ነገሩ ግን ትክክል ነው፣ እኔም ከሷ ጋር ነኝ።

መልስ 9

አንድ መሪጌታ ገብተው ሁለቱንም በእርጋታ አነጋገሩ። ማቱሳላ 969 ዓመት ኖረ ብለን የምናነበውም ሆንን ልጃችንን የምናስከትበው እኛው ነን፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም አሉ። የታመመን መርዳት ከትእዛዝ ወገን እንጂ ከድፍረት ወገን አይደለም ብለው፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጠን ሲሉ መረቁን። የመልስ 7 ጸሐፊ አሜን ብሎ (መልስ 10) ወጣ። ይህን ማየት ደስ ይላል።

መልስ 11

ወደ ነገሩ የመለሰን በፋብሪካ ጥገና የሚሠራ ኢንጂነር ነው። በመሐንዲሶች ዘንድ የታወቀውን ገንዳ መሰል መስመር ገለጸ። ማሽኖች ገና ሲተከሉ የፋብሪካ ጉድለት ያለባቸው ቶሎ ቶሎ ይበላሻሉ፤ ያንን ያለፉት ረጅም ጊዜ በአጋጣሚ ካልሆነ አይበላሹም፤ በመጨረሻ መላላጥና መድከም ሲመጣ ብልሽቱ እንደገና ያሻቅባል። ከመልስ 1 ጋር ሲያያይዘው የሕፃናት ሞትና የእርጅና ሞት የዚያው መስመር ሁለት ጫፎች ናቸው። በሰው ላይ ይህን በሒሳብ ያስቀመጠው የእንግሊዙ የመድን ሒሳብ ባለሙያ ቤንጃሚን ጎምፐርትዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1825። ከጉልምስና በኋላ የመሞት ዕድላችን በየስምንት ዓመቱ ገደማ እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ የጻፈው ለኔ ሥራ በቀጥታ ይጠቅማል። የኩችኔታ ካታሎግ ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥር ኩችኔታው የሚሞትበት ሰዓት አይደለም። ኤል 10 ይባላል፤ ከ100 ኩችኔታዎች 90ዎቹ በሕይወት የሚያልፉት ሰዓት ነው። አብዛኞቹ ከዚያ እጅግ ርቀው ይሄዳሉ፣ አሥሩ ግን አይደርሱም። የኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክም ላይ አምራቹ በአማካይ 1 ሚሊዮን ሰዓት ሲል 114 ዓመት ይሠራል ማለቱ አይደለም፤ 1,000 ዲስኮች ያሉት ድርጅት በዓመት ወደ ዘጠኝ የሚሆኑት እንደሚበላሹበት ይወቅ ማለት ነው። ንብረት ክፍሎች ሁሉ ይህንን አንቀጽ ቢያነቡት ምንኛ ደስ ባለኝ።

መልስ 12

አንድ ጸሐፊ ማንኛውም እንስሳ ሲፈጠር የልብ ምቱ ተቆጥሮ እንደተሰጠው፣ ይኸውም ወደ አንድ ቢሊዮን እንደሆነ፣ ስለዚህ ስፖርት መሥራት ዕድሜ ማባከን መሆኑን ጻፈ።

መልስ 13

የመልስ 6 መምህርት ተመልሰው አረሙት። አይጥ በደቂቃ ወደ 600 ጊዜ እየመታ ሦስት ዓመት ቢኖር በርግጥ ወደ አንድ ቢሊዮን ይጠጋል። ሰው ግን በደቂቃ 70 ጊዜ ሒሳብ 70 ዓመት ሲኖር ከሁለት ቢሊዮን ተኩል በላይ ይመታል። ሰባት ግራም የማትሞላ የሳይቤሪያ የሌሊት ወፍ 41 ዓመት ኖራ ተመዝግባለች፤ በልብ ምት ሒሳብ ቢሆን ገና ድሮ ማለቅ ነበረባት። ስፖርተኛ ደግሞ ሲሮጥ ልቡ ቢፈጥንም በቀሪው ቀን ከሌላው ሰው ዝግ ብሎ ነው የሚመታው፤ ጠቅላላ ድምሩ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል።

ከዚያ ብዙዎቻችን የማናውቀውን የሀገራችንን እንስሳ አነሡ። በምሥራቅና በደቡብ ቆላዎቻችን፣ በሶማሊያና በኬንያም፣ መሬት ውስጥ የሚኖር ጠጉር አልባ ፍልፈል አለ። ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ ነው፣ ቆዳው የተሸበሸበና ሐምራዊ ነው፣ እንደ ንብ አንዲት ንግሥት ብቻ ትወልዳለች። ለሳይንስ መጀመሪያ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1842። መጠኑ የአይጥ ያህል ነው፤ አይጥ ሦስት አራት ዓመት ስትኖር እሱ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል። በ2018 የወጣ ጥናት በሺዎች የሚቆጠሩ ፍልፈሎችን መዝገብ አገላብጦ ያገኘው ነገር አስደናቂ ነው፦ ዕድሜያቸው ሲጨምር የመሞት ዕድላቸው አይጨምርም። መልስ 11 ላይ የተጠቀሰው የጎምፐርትዝ ሕግ በዚህ ፍጡር ላይ አልሠራም። የገንዳው የመጨረሻ ጫፍ የለውም ማለት ነው፣ ቢያንስ በተመዘገበው ዘመን ውስጥ።

ከመልስ 14 እስከ 16

አንዱ ይህን ፍልፈል በልጅነቱ ማሳ ውስጥ እንዳየው ጻፈ፤ ሌላው ያየው ሌላ ዓይነት ፍልፈል ሊሆን እንደሚችል ነገረው፤ ሦስተኛው ደግሞ የሚሸጥ ቮልስ እንዳለው አስታወቀና ስልኩን አስቀመጠ። ሽያጭ በሌላ ክር እንዲሆን ጠይቄ ስልኩን አስነሥቻለሁ።

መልስ 17

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ጻፉ። በሳቸው ዓለም ዓመት ከሁሉም ያነሰው መለኪያ ነው። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር አካሉ በውስጥ የአየር ግፊት ይነፋል፣ ሲያርፍ ይሟሽሻል፤ ብረቱን የሚያደክመው ይህ መመላለስ ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ምልልሱ ነው። ትምህርቱ የተገኘው በደም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሁለት ኮሜት አውሮፕላኖች አየር ላይ የፈረሱት ማንም ባልጠበቀው የብረት ድካም ነበር። በ1988 በሃዋይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ጣሪያው አየር ላይ ሲገነጠል አውሮፕላኑ 19 ዓመቱ ነበር፤ ነገር ግን በደሴቶች መካከል አጭር አጭር በረራ ሲያደርግ ስለኖረ 89,680 ጊዜ ተነሥቶ አርፎ ነበር። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። በረጅም መሥመር የሚሠራ እኩያው በዚያ ጊዜ ውስጥ የዚያን ሩብ እንኳ አይመላለስም። በሌላ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት ሲ-47 ዓይነቱ ዛሬም በአንዳንድ አገር ይበርራል፤ የአየር ግፊት የሌለው አካል ስለሆነ እንዲህ ያለው ድካም አይጎዳውም።

መንገደኛው ሁሉ የሚጠይቃቸው አውሮፕላኑ ስንት ዓመቱ ነው እያለ ነው። መጠየቅ ያለበት መቼና በማን ተፈተሸ የሚለው ነው ሲሉ ጨረሱ። የኔን ጥያቄ ከኔ አሳምረው መለሱት።

መልስ 18

ከዋሽንግተን አካባቢ የምትጽፍ እኅት አምራቾች ሆን ብለው ዕቃውን ቶሎ እንዲሞት አድርገው ይሠሩታል ብላ ተማረረች። ማስረጃ አድርጋ ያቀረበችው የፌበስን ማኅበር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የዓለም ትልልቅ አምፖል አምራቾች ተሰብስበው አምፖል ከ1,000 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተስማሙ፣ ረጅም የሚሠራ ያመረተ አባልም ተቀጣ። በካሊፎርኒያ ሊቨርሞር የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ግን ከ1901 ጀምሮ የሚበራ አምፖል አለ። የእናቷ ሲንገር የልብስ ስፌት መኪናም እስካሁን ይሠራል፤ የዛሬው በሁለት ዓመት ተጣለ።

መልስ 19

የመልስ 11 ኢንጂነር ትንሽ ጠንከር ብሎ መለሰላት። የፌበስ ነገር እውነት ነው፣ አይካድም። የሊቨርሞሩ አምፖል ግን የሚያበራው በአራት ዋት ገደማ ነው፣ ለማንበብ እንኳ አይበቃም፤ በዚያ ላይ ሁልጊዜ ስለሚበራ ሽቦው በመብራት ማጥፋት ማብራት አይሰነጣጠቅም። ሽቦውን ይበልጥ አግሎ ደማቅ ብርሃን ማግኘት ይቻላል፤ ዋጋው ዕድሜው ማጠሩ ነው። ስለ ሲንገርም፦ የምናየው የተረፉትን ብቻ ነው፣ በዚያው ዘመን ተሠርተው ተሰብረው የተጣሉትን ማን ቆጠራቸው?

መልስ 20

በዚህ አንድ ልብስ ሰፊ አዘኑ፣ አዝነውም በዝርዝር ጻፉ። ሲንገራቸው ከአባታቸው የወረሱት ነው። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት ከላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ዘይት ጠብ ያደርጋሉ፣ ከጥርሱ ሥር የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ያወጣሉ፣ መርገጫውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው የቆዳ ቀበቶ ሲረዝም አንድ ጣት ያህል ቆርጠው በሽቦ መልሰው ያያይዙታል። ጎረቤታቸው የነበረው ሰው ያው ዓይነት መኪና ነበረው፤ ዘይት ጨርቅ ያቆሽሻል ብሎ እየተወ መኪናው ነክሶ ቀረ። የተረፈ ሁሉ በዕድል እንደተረፈ አድርጎ መናገር የሚንከባከብን እጅ መናቅ ነው አሉ።

ኢንጂነሩ ለአረጋዊው የሚገባውን አክብሮት ሰጥቶ ይህ ትክክል መሆኑን ጻፈ (መልስ 21)። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም አንድ ነገር ከሁለት ወገን ነክተዋል። ስለ ሺህ ማሽኖች ስንናገር ኢንጂነሩ ያለው ይበልጣል፤ ስለ አንዱ ማሽን ስንናገር ግን ከዘይቱ በላይ የሚወስን ነገር አላየሁም።

መልስ 22

ከጉራጌ የሚጽፉ ገበሬ ሁላችንንም ያላሰብነው አቅጣጫ ወሰዱን። እንሰት በድካም አይሞትም። አበባ ሲያወጣ ይሞታል። አንድ ጊዜ ያብባል፣ ያለውን ስታርች ሁሉ ለአበባውና ለፍሬው ይሰጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ ለቆጮ የሚቆረጠው ሳያብብ ወይም ልክ ማበብ ሲጀምር ነው። የፈለገውን ያህል ፍግ ቢያገኝ፣ የፈለገውን ያህል ቢኮተኮት፣ ካበበ አይድንም። አምቾውን (ከመሬት በታች ያለውን ሥሩን) ቆርጦ የቀበረ ግን ከአንዱ ብዙ ችግኝ ያወጣል፤ ያ ችግኝ ያው የመጀመሪያው እንሰት ነው። ስለዚህ እሳቸው ጓሮ ያለው እንሰት ሞተ ወይስ አያታቸው ከተከሉት ጀምሮ አልሞተም? የመልስ 5 ወጣት ይህን ሲያነብ ሊብሬው የትኛው ላይ ይጻፍ ብሎ ጠየቀ፣ መምህርቷም ተቀላቀሉ፣ እስከ መልስ 26 ድረስ ውይይቱ በጓሮ ዙሪያ ቆየ። ለገበሬው ያለኝ ምስጋና ትልቅ ነው፤ ስለ ማለቅ ስናወራ መድከምን ብቻ እያሰብን ነበር።

መልስ 27

የቀጠሮ ሞት ያለው ማሽንም አለ አለ አንዱ። ቮዬጀር የተባሉት መንኮራኩሮች እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ጁፒተርና ሳተርን የተላኩት ለአምስት ዓመት ያህል ሥራ ነበር፤ ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላም መልእክት ይልካሉ። ኃይላቸው የሚመጣው ከፕሉቶኒየም 238 ሙቀት ስለሆነ በየዓመቱ ወደ አራት ዋት ይቀንሳል፤ መሐንዲሶቹ አንድ በአንድ መሣሪያ እያጠፉ ያቆዩዋቸዋል። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የማርስ ተሽከርካሪ ደግሞ ለ90 የማርስ ቀን ተሠርታ ከ2004 እስከ 2018 ሠርታለች። ስለዚህ አምራች የጻፈው ዕድሜ ብዙ ጊዜ ቢያንስ እስከዚህ እመኑኝ ማለት ነው።

ከመልስ 28 እስከ 31

አንዱ ስለ ቆቃ ግድብ አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲመረቅ ኮንክሪቱ ለዘመናት እንዲቆም ነበር፤ ዕድሜውን እያሳጠረው ያለው አዋሽ ከላይ ጠርጎ የሚያመጣው ደለል ነው፣ ስለዚህ የግድቡ ጥገና የሚሠራው ከግድቡ ሩቅ፣ ተራራው ላይ፣ በእርከንና በዛፍ ነው። ጥሩ ነጥብ ነበር። ቀጣዮቹ ግን ወደ ፖለቲካ ወስደውት ስድብ ስለተጀመረ ሁለቱ መልሶች ተነሥተዋል።

መልስ 32

ከሚያዝያ ሙቀት ጋር ድሬዳዋ የሚኖር ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ምርጫው ጠቧል። ያየው መኪና አራት ዓመት ተነድቷል፤ ሻጩ ባትሪው ስምንት ዓመት ስለሆነ ገና አራት ይቀረዋል ብሎታል። እውነት ነው?

መልስ 33

በዚህ ጉዳይ የተቃጠለ ሰው ቀድሞ መለሰ። የገዛበት መደብር፣ ስሙን እንዳይጽፍ ጠይቄው ተስማምቷል፣ ዋስትና አለው ብሎ ሸጦለት ኋላ የባትሪው አቅም ሲወርድ ዋስትናው የተሰጠው ለሌላ አገር ገዢ ነው ብሎ መልሶታል። ንዴቱ ይገባኛል፣ ማንም አትግዙ ወደማለት መድረሱ ግን ለጠያቂው አይጠቅምም።

መልስ 34

የባትሪ ቴክኒሽያን በዝርዝር አስረዳ። ስምንት ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር የሚለው የተለመደ የአምራቾች ዋስትና ነው፤ እስከዚያ ድረስ ባትሪው ከ70 በመቶ በታች ከወረደ እንቀይራለን ማለታቸው ነው። በዘጠነኛው ዓመት ይሞታል ማለት አይደለም። ባትሪ በሁለት መንገድ ያረጃል፦ በመሙላትና በማራገፍ፣ እንዲሁም ዝም ብሎ በመቀመጥ። ሁለቱንም ሙቀት ያፋጥናቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሪዞና በረሃ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች አቅሙ ቶሎ ወረደብን ብለው አቤት ያሉት ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝበት ሥርዓት ስላልነበረው ነው። የአዲስ አበባ ደጋ ለባትሪ ምቹ ነው፤ ድሬዳዋ ወይም አፋር ግን ማቀዝቀዣው የሚሠራ መሆኑ ግዴታ ነው። ብረትና ፎስፌት ያለበት ዓይነት ብዙ ምልልስ ይችላል፣ እስከ 100 በመቶ መሙላትም እንደ ሌላው ዓይነት ብዙ አይጎዳውም፤ ኒኬልና ኮባልት ያለበት ግን ለዕለት ሥራ እስከ 80 ቢሞላ ይሻለዋል። ከጅዳ አንድ ሾፌር (መልስ 35) የመኪና ተራ ባትሪ እንኳ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለት በጋ ካለፈ እንደሚመሰገን ጨመረ።

መልስ 36

የኔ ነው። ለድሬዳዋው ወንድማችን፦ አራት ዓመት ይቀረዋል የሚለውን ስሌት እርሳው። መኪናውን ባትሪ የሚያነብ የመመርመሪያ ኮምፒዩተር ወዳለበት ጋራዥ ይውሰዱልህ፣ የባትሪውን የጤንነት በመቶኛ አንተ ባለህበት ያስነብቡ። የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅም አስነብብ፤ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚወርድ አንድ ሴል ካለ ጠቅላላው በመቶኛ ጥሩ ቢሆንም ተጠንቀቅ። የት አገር እንደተነዳና በብዛት በፈጣን ቻርጀር ይሞላ እንደነበር ጠይቅ። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ መጠንና ንጽሕና ይታይ፤ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ድምፁን ስማ። ከዚያ ባትሪውን ሞልተህ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ ዳገቱን ውጣና ስንት በመቶ እንደበላ መዝግብ፣ ስትወርድም ስንት እንደመለሰ። ሻጩ ይህን ሁሉ አይሆንም ካለ ሌላ መኪና ፈልግ። ከፈቀደ ደግሞ ውጤቱን እዚህ ለጥፍልን፤ የመልስ 34 ቴክኒሽያን አብሮህ ሊያየው ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮኛል።